የመንገደኛው ደኅንነትና የመንገዱ ስም
ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት የቀረበ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



እንድንናገርበት የተሰጠን ርእስ የተሳላሚ መንገዶች ደኅንነት የሚል ነው። መስከረም 21 ወደ ግሸን ደብረ ከርቤ፣ ታኅሣሥና ሐምሌ 19 ወደ ቁልቢ ገብርኤል፣ ለልደት ደግሞ ወደ ላሊበላ በእግሩ የሚተመው ሕዝብ በብዙዎቻችን አጥቢያ ደጃፍ ያልፋል። ስለዚህ ሕዝብ የምንመክረው ግን በአብዛኛው ከደረሰ በኋላ ስለሚሆነው ነው፤ የት ያድራል፣ ምን ይቀምሳል፣ ስእለቱ በማን እጅ ይመዘገባል እንላለን። ከቤቱ ወጥቶ እስኪደርስ ድረስ ያሉት ቀናት ባለቤት የላቸውም። ስለእነዚያ ቀናት ለማሰብ ይረዳን ዘንድ፣ ዛሬ ከአገራችን ወጣ ብለን በእግረኞቹ ብዛት ዓለም ያወቀውን አንድ ረዥም መንገድ እንመልከት፤ ከዚያም ወደ ደጃችን እንመለሳለን።

መንገዱ ካሚኖ ዴ ሳንቲያጎ ይባላል፤ የቅዱስ ያዕቆብ መንገድ ማለት ነው። እኛ ሚያዝያ 17 ቀን የምናስበው ሐዋርያው ያዕቆብ ወልደ ዘብዴዎስ አስከሬኑ በሰሜን ምዕራብ ስፔን፣ በሳንቲያጎ ዴ ኮምፖስቴላ ከተማ እንዳረፈ የምዕራባውያኑ ትውፊት ይናገራል። (የአርመን አባቶች ደግሞ የሐዋርያው ራስ በኢየሩሳሌም በስሙ በታነጸው ካቴድራላቸው እንደሚገኝ ያምናሉ፤ ኢየሩሳሌምን የተሳለማችሁ ስፍራውን ሳታዩት አትቀሩም።) ከመንገዱ ቅርንጫፎች ይበልጥ የታወቀው በፈረንሳይ በኩል ከፒሬኔ ተራሮች ግርጌ፣ ሰን ዣን ፒዬ ደ ፖር ከምትባል ከተማ ተነሥቶ እስከ ሳንቲያጎ 780 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘልቃል። ጤነኛ ሰው በአንድ ወር ወይም በጥቂት ቀናት ጭማሪ ይጨርሰዋል። ዛሬ የሚሄድበት ሁሉ አማኝ አይደለም፤ ለስፖርት፣ ለዕረፍት፣ ኀዘኑን በእግሩ ሊያወጣ የሚሄድም ብዙ ነው። ቢሆንም መንገዱን የሠራችው ቤተ ክርስቲያን ናት፣ ለእኛም ትምህርቱ ያለው እዚህ ላይ ነው።

የመንገዱ አደጋ እንደ መንገዱ ጥንታዊ ነው። በ12ኛው መቶ ዓመት ለተሳላሚዎች የተጻፈ አንድ መምሪያ የትኛው ወንዝ እንደሚጠጣ፣ የትኛው እንደሚገድል ይዘረዝራል። በአንድ ወንዝ ዳር ቢላዋቸውን እየሳሉ የሚጠብቁ ሰዎች መንገደኛው ፈረሱን ቢያጠጣ ክፉ እንደማያገኘው ዋሽተው እንደነገሩት፣ ፈረሱ በሞተ ጊዜም ቆዳውን እንደገፈፉ ይተርካል። ታንኳቸውን ከልክ በላይ ስለሚጭኑ ቀዛፊዎችና ያለ አግባብ ቀረጥ ስለሚቀበሉ ኬላ ጠባቂዎችም ያስጠነቅቃል። ይህ ጽሑፍ ሰውን ወደ መንገዱ የሚጠራ ነው፤ ነገር ግን ክፉውን አልሸሸገም። እንዲያውም አደጋውን በስፍራው ስም እየጠራ ስለተናገረ የታመነ ይመስለናል።

በዚያው ዘመን አካባቢ ዶሚንጎ የተባለ ባሕታዊ ነበረ፤ ያረፈው እ.ኤ.አ. በ1109 ነው። ይህ አባት ተሳላሚዎች በወንዝ ሙላትና በጫካው መካከል ሲጉላሉ አይቶ ድልድይ ሠራ፣ ጥርጊያውን በድንጋይ አነጠፈ፣ የእንግዳ ማረፊያ ቤትም አቆመ። ስሙ ሳይቀር በመንገዱ ተጠራ፤ ዶሚንጎ ዴ ላ ካልሳዳ፣ የጥርጊያው ዶሚንጎ ተባለ። ዛሬ ቢኖር ከልማት ሠራተኞቻችን አንዱ አድርገን እንቆጥረው ነበር፤ የስፔን የመንገድ መሐንዲሶችም ጠባቂያቸው አድርገው ያከብሩታል። በፒሬኔ ተራራ መተላለፊያ ላይ፣ ኢባኜታ በሚባለው ስፍራ ደግሞ፣ ጉም በወረደ ጊዜ መንገደኛው በድምፁ እንዲመራ የቤተ ጸሎቱ ደወል ይደወል ነበር። የደወል ድምፅ ምን ያህል እንደሚሄድ ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም።

ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ይህ መንገድ ሊጠፋ ተቃረበ። እ.ኤ.አ. በ1985 ሳንቲያጎ ደርሶ የተሳላሚነት ምስክር ወረቀት የተቀበለው ሰው ሰባት መቶ ያህል ብቻ ነበረ። መንገዱን መልሶ ያነቃው ማን ነው ቢባል ብዙዎች የሚጠሩት የአንድ አጥቢያ ካህን ስም ነው። ኤሊያስ ቫሊኛ ይባላሉ፤ ኦ ሴብሬይሮ የምትባል የደጋ መንደር ቄስ ነበሩ። ስለ መንገዱ ታሪክ የተመራመሩ ሊቅ ናቸው፤ ሰው የሚያስታውሳቸው ግን በቀለም ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ቢጫ ቀለም በመኪናቸው ጭነው፣ መንገዱ በተሻማበት ቦታ ሁሉ በድንጋይ፣ በዛፍና በግንብ ላይ ቀስት እየሳሉ ሄዱ። በየከተማው ያሉ ሰዎች ማኅበር አቋቁመው የየራሳቸውን ክፍል እንዲጠብቁም አሳሰቡ። ያረፉት በ1989 ነው። በ1987 የአውሮፓ ምክር ቤት መንገዱን የመጀመሪያው የባህል መስመር ብሎ ሰየመው፤ በ1993 የስፔኑ ክፍል በዩኔስኮ መዝገብ ገባ። በ2024 ምስክር ወረቀቱን የተቀበሉት 500,000 ሊሞሉ ጥቂት ነው የቀራቸው።

ይህን ያነሣነው ካህኑን ለማወደስ ብቻ አይደለም። በዚያ ቀስት ውስጥ ያለውን ነገር ልብ እንድትሉልን ነው። ቋንቋውን የማያውቅ፣ ከሩቅ አገር የመጣ ሰው፣ ማን እንደሳለው ሳይጠይቅ ቢጫውን ምልክት ተከትሎ ጫካ ይገባል። ስለዚህ ቀስቱ አቅጣጫ ከማሳየት አልፎ ቃል ኪዳን ሆኗል። ቃል ኪዳን ደግሞ ሊሰረቅ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2015 የሆነው ይህ ነው። በጸደይ ወራት ብቻዋን ትጓዝ የነበረች አንዲት አሜሪካዊት ሴት አስቶርጋ ከምትባል ከተማ አቅራቢያ ጠፋች። ቤተሰቦቿ ወራት ሙሉ ፈለጓት፤ አስከሬኗ የተገኘው በመስከረም ነው። በአካባቢው ይኖር የነበረ ሰው ተይዞ በ2017 የ23 ዓመት እስራት ተፈረደበት። በምርመራው ጊዜ ከተዘገበው ሁሉ ተጓዦችን ይበልጥ ያስደነገጠው፣ ከእውነተኛው መንገድ አስወጥተው ወደዚያ ሰው ይዞታ የሚመሩ የሐሰት ቢጫ ቀስቶች ተስለው መገኘታቸው ነበር።

እንዲህ ያለ ግድያ በዚያ መንገድ ላይ እጅግ ብርቅ ነው። ነገር ግን ዜናው ዓለምን ዞረ። መንገዱ ይራቆታል ብሎ የፈራ ብዙ ነበር። አልሆነም፤ በ2014 ከ237,000 በላይ የነበረው የተሳላሚ ቁጥር በ2015 ከ262,000፣ በ2016 ደግሞ ከ277,000 አለፈ። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በ2010፣ በዚሁ መንገድ የተሠራ አንድ የአሜሪካ ፊልምም አባት ልጁ በፒሬኔ ተራራ በማዕበል መሞቱን ሲሰማ የሚጀምር ሆኖ ሳለ፣ ብዙ አሜሪካውያንን ወደ መንገዱ ሳበ እንጂ አላራቀም። ሰው ሞት መኖሩን ሲሰማ ብቻ ከመንገድ አይቀርም። የሚቀረው የሚነገረው ነገር እውነት መሆኑን ሲጠራጠር ነው። በአስቶርጋ ጥፋተኛው ተይዟል፣ ፍርዱ በአደባባይ ተሰጥቷል፣ ፖሊስ በመንገዱ ላይ ጥበቃውን አጠናክሯል። የሆነውን የሸሸገ ስለሌለ መንገደኛው የሚያምነው ነገር ቀረለት። ይህ የእኛ ፍርድ ነው፤ ሌላ የሚያስረዳው ምክንያትም ይኖር ይሆናል።

ሆኖም የቁጥር ማደግ ደኅንነትን አያረጋግጥም። ዛሬ ከተሳላሚዎቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሴቶች ናቸው። ብቻቸውን ሲሄዱ በመኪና የሚከተላቸው፣ በጭር ያለ ቦታ ራሱን አራቁቶ የሚቆምባቸው፣ በቃልም በእጅም የሚያዋርዳቸው ወንድ እንዳጋጠማቸው ብዙዎቹ በየጋዜጣው ተናግረዋል። ሄደው ሲያመለክቱ አንዳንዶቹን ሰሚ አላገኛቸውም። የመንገዱን ስም እንዳታጠፉ የሚል ዝምታም ገጥሟቸዋል። እኛ በዚህ ላይ አቋማችን ግልጽ ነው፤ የመንገድን ስም የሚያጠፋው ክፉውን ያደረገውና የሸፈነው እንጂ የተናገረችው አይደለችም።

ከግድያው ዜና ጀርባ ያለው የዕለት ተዕለት አደጋ ግን ሌላ መልክ አለው፤ ጋዜጣ ላይ ስለማይወጣ ይረሳል። በዚያ መንገድ ሰው የሚሞተው በአብዛኛው ልቡ ደክሞ፣ በአውራ ጎዳና ዳር መኪና ገጭቶት፣ በተራራ ላይ ብርድ ወይም በሜዳው ሙቀት ተሸንፎ ነው። ለእያንዳንዱ የተሠራለት ነገር አለ። ከአስፋልቱ ዳር በብዙ ቦታ ለእግረኛ ብቻ የሚሆን የጠጠር መንገድ ተጠርጓል። በፒሬኔ ከፍታ ላይ የሚያልፈው መስመር ከኅዳር መጀመሪያ እስከ መጋቢት መጨረሻ፣ በእነርሱ አቆጣጠር፣ ፈጽሞ የተዘጋ ነው፤ ተጓዡ በሸለቆው በኩል እንዲዞር ይገደዳል። ካሪዮን ዴ ሎስ ኮንዴስ ከምትባለው ከተማ በኋላ 17 ኪሎ ሜትር ያህል መንደር የሌለበት ሜዳ ስላለ፣ ተጓዡ ውኃውን ሳይሞላ እንዳይወጣ ከማደሪያው ይነገረዋል። መንገዱን መዝጋትና «ከዚህ በኋላ ውኃ የለም» ብሎ መናገር ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ሰውን ለማስቀረት ወይም ለማዘግየት መድፈር ነው።

አንድ ሌላ ሥርዐታቸው ደግሞ ለእኛ ቅርብ ነው። ተሳላሚው ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከማኅበር የተሰጠው ታጥፎ የሚያዝ የመታወቂያ ደብተር አለው። በደረሰበት ማደሪያና ደብር ሁሉ ማኅተም ይመታለታል፣ ቀኑም ይጻፍበታል። ዓላማው መሄዱን መመስከር ነው፤ ነገር ግን ያደረበት ቤትም ስሙን በመዝገብ ስለሚያሰፍር፣ ሰው ሲጠፋ የት ደርሶ እንደነበር ለማወቅ ከዚያ ይጀመራል። ግራኞን በምትባል መንደር ያለው የደብሩ ማረፊያ ደግሞ ተመን የለውም። ሳጥኑ ክፍት ነው፤ የቻለ ይተውበታል፣ የቸገረው ይወስድበታል። እራት አብረው ይበላሉ፣ ከእራት በኋላ ይጸልያሉ። እንዲህ ባለ ገበታ ላይ የታመመው ይታወቃል፣ የፈራችውም ትናገራለች።

እንግዲህ ወደ ደጃችን እንመለስ። ይህን ሁሉ ስንሰማ «እኛም ደጀ ሰላም አለን» የሚል አሳብ በብዙዎቻችሁ ልብ እንደሚመጣ እናውቃለን። እውነት ነው፤ አለን። «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ያለውን ማን ነህ ሳይሉ ማሳደር የአባቶቻችን ሥርዐት ነው። እግር ማጠብን ከማንም አልተማርንም። የሚጎድለን እንግዳ መቀበል አይደለም፤ እንግዳው ከእኛ ወጥቶ ወደሚቀጥለው አጥቢያ መድረሱን የሚያይ ዐይን ነው። ባዶ እግሩን፣ ቋጠሮውን ይዞ ሌሊት በአስፋልት ዳር የሚሄደውን የጭነት መኪና ሹፌር አያየውም። በደጋው ብርድ በነጠላ ብቻ ያደረች አሮጊት በማግሥቱ መነሣት ያቅታታል። ግሸን ላይ ሕዝቡ በአንድ በር ሲገባና ሲወጣ ሕፃን ከእናቱ እጅ ያመልጣል። ከዚህም ጋር የሐሰት ቀስት በእኛም ዘንድ አለ፤ መልኩ ቢጫ ቀለም አይደለም እንጂ። የማናውቀውን ደብር ስም ጠርቶ፣ ጥላ ዘርግቶ፣ ሥዕለ አድኅኖ ይዞ በተሳላሚው መንገድ ላይ ገንዘብ የሚሰበስብ ሰው የሚሠራው ያንኑ ነው። ሕዝቡ በመስቀሉና በጥላው ስለሚያምን ይሰጠዋል፣ ይከተለዋልም።

ከሁሉ የሚከብደውን ሳንናገር ማለፍ አይገባንም። ባለፉት ዓመታት በአገራችን በብዙ አቅጣጫ የጦር መሣሪያ ድምፅ ከመንገዶቻችን አልራቀም። በዚህ ጊዜ ከየሩቁ ስልክ ይደወላል፤ «አባታችን፣ ዘንድሮ መንገዱ እንዴት ነው? ልጆቼን ይዤ ልምጣ?» ይባላል። መልሱን የሚሰጠው ሰው ብዙ ነገር ይጫነዋል። በዓሉ ካልደመቀ የዓመቱ ገቢ ይጎድላል፣ የተጀመረው ሕንፃ ይቆማል፣ የአካባቢው ነጋዴ ያዝናል፣ ደብሩም ባዶ ሆነ ይባላል። ስለዚህ «ሰላም ነው፣ ምንም የለም» ማለት ይቀናዋል። አንዳንዱ ደግሞ በተቃራኒው፣ ያልሰማውንና ያላየውን አክብዶ ተናግሮ መንገዱን ያለ ምክንያት ያስፈራል። ሁለቱም የሐሰት ቀስት ናቸው። ሁለተኛው ሰውን በቤቱ ያስቀራል፤ የመጀመሪያው ግን ሬሳ ሊያመጣ ይችላል፤ እኩል አናያቸውም።

ይህን ሸክም ለአንድ ካህን ወይም ለአንድ ስልክ ተቀባይ መተው ደግሞ ፍርደ ገምድልነት ነው። መንገዱ እንዴት ነው ለሚለው ጥያቄ መልሱ የሰበካ ጉባኤው ይሁን። ከበዓሉ በፊት ባሉት ሳምንታት በአንድ መስመር ላይ ያሉ አጥቢያዎች እርስ በርሳቸው ይደዋወሉ፤ እያንዳንዱ የሚያውቀውን የራሱን ክፍል ብቻ ይናገር። ከእገሌ ወንዝ እስከ እገሌ ገበያ ያለውን እናውቃለን፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን የሚቀጥለውን ደብር ጠይቁ ማለት ነውር የለበትም። የሚያሰጋ ከሆነ በዐውደ ምሕረት ይነገር፤ በዓሉን በየአጥቢያው ማክበር እንደሚቻልም ካህናት ያስረዱ። የተሳለ ሰው ስእለቱን ለማዘግየት ሲጨነቅ የሚያረጋጋው የንስሐ አባቱ ቃል ነው፤ የፖሊስ ማስጠንቀቂያ አይደለም። ይህ ሥልጣን በእናንተ እጅ ነው ያለው።

መንገዱ ክፍት በሚሆንበት ጊዜ የሚሠራው ሥራ ቀላል ነው፣ ብዙውም ያለ በጀት ይሠራል። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ሁለት ሁለት ሆነው በሚጠረጠረው ስፍራ ይቁሙ፤ አንጸባራቂ ሰደርያ ቢገኝ መልካም ነው፣ ካልተገኘ ባትሪ ይበቃል። ጉም በሚወርድበት ደጋ ያላችሁ ደወላችሁን አስቡት። የተሸማው መንገድ ላይ ምልክት ይቁም፤ ያቆመውም ደብር ስሙ ይጻፍበት፤ ሐሰተኛው እንዳይመስለው በየዓመቱም ሰው ሄዶ ይየው። ገንዘብ የሚሰበሰበው በደብሩ ቅጥር ውስጥ፣ በሕጋዊ ደረሰኝ ብቻ መሆኑ በመንገዱ ሁሉ ይነገር። ውኃና መጸዳጃ ስለሌለበት ስፍራ አስቀድሞ ይነገር።

ለሴቶች ማደሪያው ይለይ፣ መብራትም ይኑረው፤ ጠባቂዋም ሴት ትሁን። አቤቱታ ያላት ተሳላሚ ለማን እንደምትነግር ስትደርስ ይነገራት። የምትነግራቸው ሁለት እናቶች በሰበካ ጉባኤው ይመረጡ፤ የሰሙትንም ለሕግ የሚያደርሱ፣ «የደብሩ ስም ይጠፋል» በሚል የማይሸሽጉ ይሁኑ። በዚህ ነገር ላይ አንዳንድ አባቶች ቅር እንደሚላችሁ እንገምታለን፤ ተሳላሚ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይደረግም ትሉ ይሆናል። በካሚኖም እንዲሁ ይባል ነበር።

የቀረው መዝገቡ ነው። አንድ ደብተር፣ አንድ እስክሪብቶና የደብሩ ማኅተም ይበቃሉ። ያደረው መንገደኛ ስም፣ የመጣበት አገር፣ የቤተሰቡ ስልክ፣ የወጣበት ሰዓትና የሚቀጥለው ማደሪያው ይጻፍ፤ ፈቃደኛ ላልሆነ ግን አይገደድም፣ ደብተሩም ለማንም አይገለጥም። ማታ የሚቀጥለው ደብር ደውሎ «እነእገሌ ገብተዋል» ይበል። ያልገባ ካለ ፍለጋው የሚጀመረው በዚያው ሌሊት ነው እንጂ ቤተሰብ ከሳምንት በኋላ ሲያለቅስ አይደለም። በመንገዳችሁ ላይ የሚቀጥለው ክብረ በዓል የትኛው እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ። ወደየአጥቢያችሁ ስትመለሱ በምታደርጉት የመጀመሪያ ስብሰባ ላይ፣ ያን መዝገብ የሚይዘው ወይም የምትይዘው ሰው ስም፣ ማታ የሚደወልበትም ስልክ በቃለ ጉባኤው ላይ እንዲሰፍር በትሕትና እንጠይቃለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።